ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የነበረው ካርቶን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለቤቴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «ወዴት ነህ?» ብላ ስትጠይቀኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «መርካቶ ደርሼ ልምጣ።» መልሱ ውሸት አልነበረም፤ በእርግጥም መርካቶ እሄድ ነበርና። ነገር ግን ምን ልገዛ እንደምሄድ፣ በስንት እንደምገዛና የገዛሁትን የት እንደማስቀምጥ አልናገርም ነበር። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ስላልተናገርኩት ነገር ነው። በትዳር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ከእኔ ስሕተት አንዳች ነገር ብትጠቀሙበት ደስ ይለኛል።

የምሰበስበው የድሮ መጽሔትና የድሮ ማስታወቂያ ነው። አንዳንድ ሰው ቴምብር ይሰበስባል፤ አንዳንዱ የጥንት ገንዘብ ይሰበስባል፤ እኔ ደግሞ ሰው አንብቦ የጣለውን ወረቀት እሰበስባለሁ። በሙያዬ መምህር ነኝ። ነገሩ የጀመረው ለተማሪዎቼ የሚሆን የቆየ ጽሑፍ ስፈልግ ነው፤ ኋላ ግን ከማስተማሪያነት አለፈ።

መርካቶ ለእንዲህ ዓይነት ሰው የተመቸ ስፍራ ነው። ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ሲደረግ የተመሠረተ ነው። መርካቶ ግን አዲስ ዕቃ የሚራገፍበት ብቻ አይደለም። «ቆራሌው!» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩት ወጣቶች ከየቤቱ የሚሰበስቡት ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ ጫማና ወረቀት ዞሮ ዞሮ ወደ ምናለሽ ተራና ወደ አካባቢው ይደርሳል። ወረቀቱ በኪሎ ይሸጣል። ቅመም ሻጯ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ትጠቀልልበታለች፤ ቆሎ ሻጩም እየጠቀለለ ይሸጥበታል። አንድ ቤተሰብ ለ40 ዓመት ከአልጋ ሥር ያኖረው መጽሔት፣ አባወራው ሲያርፍ ወይም ቤቱ ሲፈርስ፣ በአንድ ቀን የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል። እኔ ከሚዛኑ በፊት ለመድረስ እሮጥ ነበር።

ያገኘኋቸውን ባሳያችሁ እንደ እኔ ትደነቁ ነበር ብዬ አስባለሁ። በዓሉ ግርማ በልብ ወለዶቹ ሳይታወቅ በፊት ያዘጋጀው የነበረው «መነን» መጽሔት አለኝ። በደርግ ዘመን ይወጣ የነበረው «የካቲት» አለኝ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝም ድርጅቱን ሲመሩ ለዓለም ያስተዋወቁት የ«13 ወር ጸጋ» ፖስተርም አለኝ። ይህ መፈክር በ2008 ዓ.ም. በ«ምድረ ቀደምት» እስከተተካ ድረስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ነበረው። ማስታወቂያዎቹን በተራ ስትመለከቱ የአገሪቱን ታሪክ ታነቡባቸዋላችሁ። በንጉሡ ዘመን ገጾች ላይ ሳሙናው፣ የስፌት መኪናው፣ ማቀዝቀዣውና የአውሮፕላን ጉዞው ይታያል። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ታላላቅ ፋብሪካዎች ከተወረሱ በኋላ በወጡት፣ በእጄ ባሉት መጽሔቶች ውስጥ ግን ማስታወቂያው እየሳሳ መፈክሩ እየበዛ ይሄዳል።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ምን ክፋት አለው? ምንም የለውም። ክፋቱ የጀመረው «ይህቺ አንዲት ብቻ ቀርታኛለች» ማለት ስጀምር ነው። ሰብሳቢ የሆነ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከ12 እትም 11 ያለው ሰው ስለ 11ዱ አያመሰግንም፤ ስለጎደለችው አንዲት እንቅልፍ ያጣል። ለዚህች አንዲት ስል የምከፍለው ከ50 ብር ወደ 200፣ ከ200 ወደ 800 ብር አደገ። ገዝቼ ስመለስ መጽሔቱን ከደብተሮቼ መካከል አድርጌ አስገባዋለሁ፤ ሌሊት ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ካለው ካርቶን እጨምረዋለሁ። ከፖስተሩና ግድግዳ ላይ ከሰቀልኳቸው ጥቂት ገጾች በቀር ባለቤቴ ያየችው አልነበረም። ካርቶኑ አንድ ነበር፤ ቆይቶ አራት ሆነ።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። በአሜሪካ አገር «አርጎሲ» የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1896 ሁለንተናው ልብ ወለድ ሆኖ ከእንጨት ልም በተሠራ ርካሽ ወረቀት መታተም ጀመረ። እንዲህ ያሉት መጽሔቶች ሁሉ በወረቀቱ ስም «ፐልፕ» ተባሉ። ወንጀል፣ ጀብዱና ፍቅር ይተርካሉ፤ ሰው አንብቦ ይጥላቸዋል። በእኛም አገር የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ መንገዱ በጋዜጣና በመጽሔት ተሞልቶ ነበር። ከቁም ነገረኞቹ ጎን የፍቅርና የወንጀል ታሪክ የሚያትሙ ርካሽ መጽሔቶች ወጡ፤ ከእነርሱም መካከል ሥዕላቸውና ጽሑፋቸው በቤተሰብ ፊት የማይገለጥ ነበሩ። እኔም «የዘመኑ ታሪክ ነው፤ ካልተሟላ ስብስብ አይባልም» ብዬ እነዚያንም በኪሎ ገዝቼ ካርቶን ውስጥ ከተትኩ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት የተማረ ሰው ምክንያት ይመስል ነበር።

የመጨረሻው ነገር የመጣው በነሐሴ ወር ነው። የማውቃቸው አንድ አዛውንት ነጋዴ ስልክ ደውለው «መምህር፣ ያልከው ዓይነት ተገኝቷል፤ ሰው ሳይወስደው ድረስ» አሉኝ። ስደርስ በአማርኛ ፊደል የተጻፈበት የድሮ የኮካ ኮላ የቆርቆሮ ማስታወቂያ ነበር። ጠርዙ ዝጓል፤ ቀዩ ቀለም ግን እንዳለ ነው። «አባባ፣ ቀንሱልኝ እንጂ» ብዬ ብከራከርም ከ4,500 ብር አልወረዱም። በኪሴ ያን ያህል አልነበረም። በቤት ግን ለልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባ ያስቀመጥነው ገንዘብ ነበር፤ በእኔ እጅ ነበር። መስከረም ሳይጠባ እተካዋለሁ ብዬ አነሣሁት። አልተካሁትም።

የምዝገባው ቀን ሲደርስ ባለቤቴ ገንዘቡን ጠየቀችኝ። «ትንሽ ቆይ፣ እየተስተካከለ ነው» አልኳት። በዚያው ሳምንት፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ የ14 ዓመቱ የመጀመሪያ ልጃችን የጠፋ ኳሱን ሲፈልግ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ገባ። የከፈተው ካርቶን የቆርቆሮውን ማስታወቂያ የደገፍኩበትን ነበር፤ ውስጡም እነዚያ የማይገለጡት መጽሔቶች ነበሩ።

ማታ ስገባ ልጁ ቀና ብሎ አላየኝም። ባለቤቴ ልጆቹ እስኪተኙ ጠበቀችና ካርቶኑን ከፊቴ አስቀመጠች። አልጮኸችም። «ስለ ብሩ እናወራለን። መጀመሪያ ግን ልጄ ‹ይህ የአባዬ ነው?› ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?» አለችኝ። እኔ ስለ ታሪክ፣ ስለ ቅርስ፣ ስለ ስብስብ ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ። ቃላቱ ግን አልወጡም። በእሑድ ትምህርት ክፍል ስለ አካን ያስተማርኩት ትዝ አለኝ። አካን ከኢያሪኮ ምርኮ የወሰደውን ያኖረው በድንኳኑ ውስጥ፣ ቤተሰቡ በሚተኛበት ስፍራ፣ ከመሬት በታች ነበር። ለብቻው የደበቀው ነገር ቤተሰቡን ሁሉ ነካ። ያን ሌሊት ካርቶኔ ያው ድንኳን መሆኑ ገባኝ። ባለቤቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። በማግስቱም ልጄን ለብቻው አስቀምጬ «አዎን፣ የእኔ ነው። ጥፋቱም የእኔ ነው» አልኩት። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ዓረፍተ ነገሮች የዚያን ያህል የከበደኝ የለም።

በቀጣዩ ቅዳሜ መርካቶ አልሄድኩም። አራቱን ካርቶን ወለሉ ላይ ዘረገፍንና ከባለቤቴ ጋር አንድ በአንድ መለየት ጀመርን። ሁሉንም አውጥታ ትጥላለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እርስዋ ግን አንድ የ«መነን» ገጽ ይዛ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያም እስከዚያ ቀን ያልነገረችኝን ነገረችኝ። ያደገችው አዲስ ከተማ ውስጥ በጭቃ ቤት ነው። እናትዋ ግድግዳውን በጋዜጣና በመጽሔት ገጽ ይለጥፉት ነበር። ፊደል የለየችው ከዚያ ግድግዳ ላይ፣ የሳሙና ማስታወቂያ እያነበበች ነው። ለዚህ ነው የድሮ መጽሔት በግድግዳ ላይ ስሰቅል ፊትዋ ይጠቁር የነበረው፤ ለእኔ ቅርስ የሆነው ለእርስዋ ድህነት ነበር። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ፣ እናትዋ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በ«የካቲት» መጽሔት ሽፋን ለብደው መደብ ላይ ከልጆች ደብተር ጋር ያስቀምጡት እንደነበረም ነገረችኝ። እኔ ሽፋን የሌለው መጽሔት ሳገኝ ጉድለቱን ቆጥሬ ዋጋ አስቀንስ ነበር። ሽፋኑ የት ሄዶ ሊሆን እንደሚችል አስቤ አላውቅም።

ከካርቶኑ ሥር ግማሹ የተቀደደ፣ ስለ ሬድዮ ብሥራተ ወንጌል የሚናገር ገጽም አገኘች። በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማሠራጨት ጀምሮ በ1969 ዓ.ም. የተወረሰው ጣቢያ ነው። እኔ በኪሎ የገዛሁት ስለሆነ መኖሩን እንኳ አላየሁም ነበር። የምፈልገውን ብቻ ስፈልግ ያለኝን አላውቅም ነበር።

ስለ ማስታወቂያ ያን ቀን አንድ ነገር ተማርኩ። ማስታወቂያ የሚኖረው «የጎደለህ ይህ ነው» በማለት ነው። ከ50 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች በአንድ ሳሙና ደስታ የሚገኝ መስሏቸው እንደገዙ እያየሁ በክፍል ውስጥ እስቅ ነበር። እኔ ግን ሳሙናውን ሳይሆን የሳሙናውን ሥዕል ገዛሁ፤ ያውም በልጆቼ የትምህርት ቤት ገንዘብ። ያ አሮጌ ማስታወቂያ ከ50 ዓመት በኋላም ሥራውን አልተወም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ብልና ዝገት ስለሚያጠፋው መዝገብ ያስተማረውን በልጅነቴ አጥንቼዋለሁ። ብሉ በመጽሔቶቼ ላይ፣ ዝገቱ በቆርቆሮዬ ላይ ሆኖ እያየሁት ግን አላነበብኩትም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት እንዴት እንደበላ ስንሰማም ይኸው ቃል ወደ ልባችን ተመልሷል።

እንግዲህ ምን አደረግን? የቆርቆሮውን ማስታወቂያ ለዚያው ለአዛውንቱ ነጋዴ በ3,000 ብር መልሼ ሸጥኩ። የጎደለውን 1,500 ብር ተማሪ በማስጠናት ሞላሁ፤ ልጆቹም ዘግይተው ተመዘገቡ። የማይገለጡትን መጽሔቶች አልሸጥናቸውም። ለሌላ ቤት ልጅ እንዲደርሱ አልፈለግንም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 የኤፌሶን አማኞች 50,000 ብር የሚያወጡ የጥንቆላ መጻሕፍትን ዋጋቸውን አስልተው እንዳቃጠሉ እናነባለን። እኛም በግቢያችን አቃጠልናቸው። ልጃችን ክብሪቱን ጫረ።

የቀሩት ሁለት ካርቶኖች ዛሬ ሳሎን ውስጥ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ባለቤቴም ተካፋይ ሆናለች፤ የዛገውን የመጽሔት ሽቦ በጥንቃቄ የምታወጣው እርስዋ ናት። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር እንዳይለጠፍ፣ ፀሐይና እርጥበት ባለበት እንዳይቀመጥ፣ መጽሔት ሳይታጠፍ ተጋድሞ እንዲቀመጥ ልጆቹን የምታስተምረውም እርስዋ ናት። ለዚህ ጉዳይ በወር 300 ብር መድበናል። ሕጋችንም አንድ ነው፤ የተገዛ ነገር ሁሉ ከነዋጋው መጀመሪያ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። የብሥራተ ወንጌልን ገጽ ባለቤቴ በመስተዋት አስገብታ ለእናትዋ ወሰደችላቸው። እማማ በጣታቸው እየዳሰሱ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

ውድ ባልና ሚስቶች፣ የእናንተ ካርቶን መጽሔት ላይሆን ይችላል። ለዘመድ የተላከ ገንዘብ፣ ያልተነገረ ዕዳ፣ ወይም በስልክ ውስጥ የተቆለፈ ነገር ሊሆን ይችላል። ልጅ ኳስ ሲፈልግ ሳያገኘው፣ ዛሬ ማታ ልጆች ሲተኙ እናንተው አውጡትና በመካከላችሁ አስቀምጡት። የመጀመሪያው ሰዓት ይከብዳል። እኛ ከዚያ ሰዓት በኋላ የተኛነው እንቅልፍ ግን ለብዙ ወራት ያጣነው እንቅልፍ ነበር። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።