ዓመቱን ንገረኝ

መቼም ሰው በማያውቀው ነገር አፉን ሞልቶ የሚናገርበት ዕድሜ አለው። እኔን ያ ዕድሜ ከሠላሳ ዓመቴም በኋላ አልለቀቀኝም ኖሮ፣ አንድ እሑድ በጓደኛዬ ቤት ቡና እየጠጣን ወሬው ስለ ዴሞክራሲ ሲሆን፣ «ሕዝብ ምን ያውቃል? ሂትለርንም እኮ ጀርመኖች በአብላጫ ድምፅ ነው የመረጡት!» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ይህችን ዐረፍተ ነገር በወሬም በጽሑፍም ስንቴ እንደተጠቀምኩባት አላስታውስም። የሚሞግተኝ አልነበረም።

ያን ቀን ግን ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጠው ኖሮ፣ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «መቼ ነው ያሸነፈው ልጄ? ዓመቱን ንገረኝ» አሉኝ። አላውቀውም ነበር። «ግድ የለም፣ ስታገኘው ትነግረኛለህ» ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ፈለግሁ። ፍለጋው ካሰብኩት በላይ ወደ ኋላ ወሰደኝ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ኖቬምበር 9 ቀን 1918፣ በርሊን። ሽንፈቱ ቁርጥ ሆኗል፤ መርከበኛውና ወታደሩ አምጿል። ቻንስለሩ ልዑል ማክስ ፎን ባደን፣ ካይዘር ዳግማዊ ቪልሄልም ገና እሺ ሳይሉ፣ ዘውዳቸውን ለቀዋል ብለው አስታወቁ። ሶሻል ዴሞክራቱ ፊሊፕ ሻይደማን ከምክር ቤቱ መስኮት ሆኖ ሪፐብሊክ አወጀ፤ ከሰዓታት በኋላ ካርል ሊብክኔኽት በቤተ መንግሥቱ በኩል ሌላ፣ ሶሻሊስት ሪፐብሊክ አወጀ። ካይዘሩ በማግሥቱ ወደ ሆላንድ ተሻገሩ።

በ1919 የወጣው የቫይማር ሕገ መንግሥት መብትን አላጓደለም። ሴቶችም በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሔራዊ ጉባኤው ድምፅ ሰጥተዋል። ዳሩ ግን አንቀጽ 48 የሚባል ነበረው፤ ጸጥታ ሲደፈርስ ፕሬዚዳንቱ በአዋጅ እንዲሠራ የሚፈቅድ። በ1925 ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት የካይዘሩ ፊልድ ማርሻል የነበሩት ሂንደንቡርግ ናቸው። ከ1930 ጀምሮ ቻንስለሮች የምክር ቤት አብላጫ ሳይኖራቸው በእኚሁ ሽማግሌ ፊርማ አገር ገዙ። ለክፉ ቀን የተተወች በር የዘወትር መግቢያ ሆነች።

ሂትለርስ? በ1932 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በሂንደንቡርግ ተሸነፈ። ፓርቲው በዚያው ዓመት ጁላይ ከመቶ 37 ያህል፣ ኖቬምበር ላይ 33 ያህል ድምፅ አገኘ፤ ማለትም እየወረደ ነበር። ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ግን እነ ፎን ፓፐን «እኛ እንይዘዋለን» በሚል ስሌት ሽማግሌውን አግባቡና ቻንስለር አደረጉት። ምክር ቤቱ ተቃጥሎ መብቶች ከታገዱ በኋላ በማርች በተደረገው ምርጫ እንኳ ከመቶ 44 አልሞላም። ማርች 23 ሥልጣኑን ሁሉ ያስረከበው አዋጅ በ444 ድምፅ ሲጸድቅ፣ ኮሚኒስት እንደራሴዎች ታስረዋል ወይም ሸሽተዋል። «አይሆንም» ያሉት 94ቱ ሶሻል ዴሞክራቶች ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ ዓመቱ የለም። ከመቶ ሠላሳና አርባ ሰው መምረጡ ቀላል በደል አይደለም፤ አንዱን ግማሽ እውነት በሌላ ግማሽ መለወጥ አልፈልግም። ነገር ግን በሩን የከፈቱት ብዕርና ማኅተም የያዙ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ያቺን ዐረፍተ ነገር ለምን እንደወደድኳት ያኔ ገባኝ። እኔን መሰሉን ነጻ አውጥታ ጥፋቱን ሰልፍ ላይ በቆመው ሰው ትጭናለችና።

በ1949 ቦን ላይ መሠረታዊ ሕጉን ያረቀቁት ግን የትኛው መዝጊያ እንደላላ ጠየቁ። ፕሬዚዳንቱ በቀጥታ በሕዝብ እንዳይመረጥ አደረጉ፤ ያን የአዋጅ ሥልጣንም ነሡት። ምክር ቤቱም ተተኪ ካልመረጠ በቀር ቻንስለሩን በመተማመኛ ድምፅ ማውረድ አይችልም አሉ። በ1982 ሽሚት ወርደው ኮል የተተኩት በዚሁ አንቀጽ ነው። የሰው ክብር የማይደፈር መሆኑን የሚናገረውን የመጀመሪያውን አንቀጽ ደግሞ ማናቸውም አብላጫ እንዳይነካው ቆለፉበት።

ወደ ጋሼ ቤት ሄድኩ። «ዓመቱን አጣሁት፤ ኖሮም አያውቅም» አልኳቸው።

አልሳቁብኝም። «ያንን በጽሑፍ ነው ያልከው አይደል?» አሉኝ። «አዎን።»

«እንግዲያው ይኸንንም ጻፈው።»

ይኸው ጻፍኩት።