ማን ጠየቀኝ?

እናቴ ነጠላዋን ከእንዶድ በቀር በሌላ ነገር አጥባ አታውቅም። እኔም ልጅ ሳለሁ በዚህ አፍር ነበር። ወሎ ውስጥ ባደግሁባት አነስተኛ ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች ልብስ ሳሙና ሳሙና ሲሸት የእኔ እንዶድ እንዶድ ይል ነበር። ደረቁን ፍሬ በሙቀጫ ስትወቅጠው ቤተሰቡ በሙሉ በማስነጠስ ይታመሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ ስንወርድ እሷና ጎረቤቶቿ ድንጋዩ ላይ ሲያጥቡ፣ እኛ ልጆች አረፋው ዓይናችንን እንዳያቃጥለን ሸሽተን ወደ ላይ፣ ጥርት ብሎ ወደተኛው ውሃ እንወጣና ስንንቦጫረቅ እንውላለን።

በአሥራ ሁለት ዓመቴ ሆዴን ይቆርጠኝ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥም ያጣድፈኝ ጀመር። ጤና ጣቢያ ዓይነ ምድሬ ተመረመረና "ቢልሃርዚያ ነው" ተባለ። ክኒኑን ውጬ ዳንኩ። እናቴ ግን "ምን አጉድዬበት ነው?" እያለች ስትብሰለሰል ከረመች።

ያጎደለችው ነገር እንዳልነበረ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ሳነብ ነው። ዶክተሩ እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዚያን ለማጥናት አድዋ ይሄዳሉ። የዚህ በሽታ ትል ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም። ከዓይነ ምድር ጋር ውሃ ውስጥ የገባው እንቁላል ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ይወጣና ውሃ ውስጥ ያገኘውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣውን የገደለ፣ የትሉን መንገድ ዘጋ ማለት ነው። ዶክተር አክሊሉ በወንዙ ዳር ሲዘዋወሩ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርከት ብለው ያያሉ። አንዷን አጣቢ፣ ቀንድ አውጣዎች በያዘ ዕቃ ውስጥ ከአረፋው ጠብ እንድታደርግላቸው ለመኗት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ላይ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ይህም ሆኖ እንዶድ በዓለም ፊት ብዙ ደጅ ጠንቷል። ከድሃ አገር የመጣ ዕውቀት መታወቂያ ሲጠየቅ ይውላልና! ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን ሽልማት አገኙ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

እንዶድ ተአምረኛ ነው ማለቴ አይደለም። ኃይሉ ውሃ ውስጥ በቀናት ውስጥ ይጠፋል። መርዙ አለመቆየቱ ደግ ነው፤ ግን ደጋግሞ መጨመርን ይጠይቃል። ዓሣም አይምርም። ክኒንና መጸዳጃ ቤት ካልታከሉበት ደግሞ በሽታው ተመልሶ ይመጣል።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ያ ጥርት ያለ ውሃ ነው። ለካ ከመድኃኒቱ ሸሽተን ነበር በሽታው ውስጥ ስንዋኝ የከረምነው!

ባለፈው ሳምንት ለእናቴ ደወልኩላት።

"እማ፣ ከምታጥቡበት በታች የሞተ ቀንድ አውጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ሞልቶ! እንዶድ ሲነካው መች ይተርፍና።"

"ታዲያ ለምን ሳትነግሪኝ ቀረሽ?"

"ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?" አለችኝ። ዝም ስልባት ጊዜ ያዘንኩ መሰላት መሰለኝ፣ "አብሽር፣ ዱሮ ድነህ የለ?" ብላ አጽናናችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ቀና ስል የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የተሰጠኝ ሰው መጠየቅ ተምረሃል ተብዬ ነበር።