ፎርሙ ላይ የጻፍኩት አንድ ቃል

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ብሮሹር ላይ የሚስቅ ሕፃን ፎቶ ለምን እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፤ ራሴም ብዙ ጊዜ አስቀምጫለሁ። ያም ሆኖ ከሦስት ዓመት በፊት እዚህ ዱባይ የእንግሊዝን ሥርዓተ ትምህርት ከሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶች አንዱን ስንጎበኝ፣ ብሮሹሩን እንደማንኛዋም እናት ደረቴ ላይ አቅፌ ወጣሁ።

ምክንያትም ነበረኝ። በዚህ ሥርዓት ልጅ በ4 ዓመቱ ሪሴፕሽን ይገባል፣ በ5 ዓመቱ ይር ዋን ይጀምራል፣ በ16 ዓመቱ ጂሲኤስኢ፣ በ18 ዓመቱ ኤ ሌቭል ይፈተናል። ነገ ሥራ ወደ ሌላ አገር ቢወስደን ልጃችን እዚያም ካቆመችበት የምትቀጥልበት ትምህርት ቤት አናጣም። እንደ እኛ በመኖሪያ ፈቃድ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የከተማዋ የትምህርት ባለሥልጣን ለሕዝብ ይፋ የሚያደርገውን የትምህርት ቤቶች ግምገማም አነበብኩ። ክፍያው ከቤት ኪራያችን ጋር ቢፎካከርም ወሰንን።

የምዝገባው ፎርም «በቤት ውስጥ የሚነገር ቋንቋ» ይላል። ባለቤቴ «አማርኛ በይው እንጂ» አለኝ። እኔ «እንግሊዝኛ» ብዬ ጻፍኩ። አማርኛ ካልኩ ልጄን ዝቅ አድርገው የሚያዩዋት መሰለኝ።

የመጀመሪያውን ተርም ልጄ ክፍል ውስጥ ዝም ብላ ጨረሰችው። እኔም ውሸቴን እውነት ለማድረግ ቤት ውስጥ አማርኛ ከለከልኩ፤ አባቷንም ጭምር።

ዓመቱ ሲገባደድ፣ አንድ ቅዳሜ ደሴ ለምትኖረው እናቴ በቦቲም ደወልን። «የኔ ሆድ፣ ዛሬ ምን በላሽ?» አለቻት። ልጄ ወደ እኔ ዞራ በእንግሊዝኛ «አያቴ ምን እያለች ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ትንሽ ዝም አለችና «በሉ፣ ስልኩ እየቆጠረባችሁ ነው» ብላ ዘጋችው። በኢንተርኔት ነበር የደወልነው፤ የሚቆጥር ነገር አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት መምህሯ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ። አልተቆጣችኝም። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ልጆች የተለየ እገዛ እንዳለ፣ በፎርሙ ምክንያት ግን ለልጄ ማንም እንዳላሰበላት ነገረችኝ። «ቤት ውስጥ በቋንቋችሁ አውሩላት፣ ተረትም ንገሯት። እንግሊዝኛውን ለእኛ ተዉልን» አለችኝ። አዲስ ፎርም ሰጠችኝ፤ «አማርኛ» ብዬ ሞላሁ።

ዛሬ ልጄ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ብቻዋን ታነባለች። ዓርብ ትምህርት የግማሽ ቀን ስለሆነ ከሰዓት በኋላ አያቷ በስልክ ፊደል ታስቆጥራታለች። «ቀ» እና «ከ» አሁንም ይምታቱባታል፤ እናቴም ሳትሰለች ደግማ ታስብላታለች።

ልጆቻችሁን ለማስመዝገብ ፎርም የምትሞሉ ወላጆች፣ ያቺን መስመር ስትደርሱ እውነቱን ጻፉ። እኔ በአንዲት ቃል ልጄን ከክፍሏም ከአያቷም አርቄያት ነበር። አሁን «በቃ እንዝጋ» የምለው እኔ ነኝ፤ እናቴ ስልክ መቁጠሩን ረስታዋለች።