ቤት ስለ መለወጥና ደብዳቤን ስለ ማስከተል

ቤቱን ለውጦ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ ሰው ዕቃውን ይቈጥራል፤ ምጣዱ እንዳይሰበር በገለባ ይጠቀልላል፤ ከቀበሌውም መሸኛ ይቀበላል። ወደ ቀድሞው አድራሻ ስለሚመጣው ደብዳቤ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እኛ ከነቤተ ሰባችን ከአዳማ ወደ አዳሚ ቱሉ በተዛወርን ጊዜ ነገሩን በቅርብ ስለ ተመለከትነው፥ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

በአገራችን የፖስታ ሥራ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ከዓለም የፖስታ ኅብረት ገባች። በእንግሊዝ አገር ቤት የለወጠ ሰው ለፖስታ ቤት ገንዘብ ከፍሎ ደብዳቤው ለ3፥ ለ6 ወይም ለ12 ወር ወደ አዲሱ ቤት እንዲከተለው ያደርጋል። በእኛ ዘንድ ግን ደብዳቤ የሚመጣው ከደጃፍ ሳይሆን ከፖስታ ሣጥን ነው፤ ብዙውም ሰው የራሱ ሣጥን ስለሌለው በመሥሪያ ቤት ወይም በዘመድ ሣጥን «በእገሌ በኩል» እየተባለ ይጻፍለታል። እንግዲህ ደብዳቤውን የሚያስከትለው ባለ ሣጥኑ ነውና፥ አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባው እርሱ ነው። እኛም አዲሱ አድራሻችን የተጻፈባቸውን ዐሥር ፖስታዎች ከነቴምብራቸው ለባለ ሣጥናችን ሰጥተን ወጣን።

ስለ ከተሞቹም ስም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አዳሚ በኦሮምኛ ቍልቋል፥ ቱሉም ኮረብታ ማለት ነው፤ «አዳሚ» ተብሎ በችኰላ የተጻፈውን አንባቢው «አዳማ» ብሎ ቢመልሰው አይፈረድበትም። ሽማግሌዎች አዳማን እስከ ዛሬ ናዝሬት፥ ጎረቤታችን ባቱንም ዝዋይ ይሏቸዋል። ስለዚህ ለዘመዶቻችን ሁሉ «አዳሚ ቱሉ፥ ከባቱ ቀጥሎ በሻሸመኔ መንገድ» ብለው እንዲጽፉ ላክንባቸው። አንድ አጎታችን ግን ይህ አድራሻ ሳይሆን የመንገድ ምሪት ነው ብለው ሳቁብን።

ቴሌፎን ከኪስ ከገባ ወዲህ ደብዳቤ ምን ያደርጋል የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን የምናየው ሌላ ነው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት፥ ተከሳሹ ተፈልጎ ያልተገኘ እንደ ሆነ መጥሪያው በመጨረሻ ይኖርበት በነበረው ቤት እንዲለጠፍ ለማዘዝ ይቻላል። አንዲት ባልቴት በይዞታ ነገር ተከሰው ሳለ፥ መጥሪያው ከለቀቁት ቤት ደጃፍ ተለጠፈ፤ አዲሱ ተከራይ የባለቤቱ ጉዳይ መስሎት ዝም አለ፤ ነገሩም እርሳቸው በሌሉበት ተፈረደ። ሴትዮዋ ይህን የሰሙት አፈጻጸም ከተጀመረ በኋላ ነው። ሕጉ ፍርዱን ካወቁበት ቀን አንሥቶ የአንድ ወር ጊዜ ይሰጣልና፥ መጥሪያው በደንቡ እንዳልደረሳቸው አስረድተው ፍርዱ ተነሣላቸው፤ ክርክሩም እንደ ገና ተጀመረ። ወሩ አልፎ ቢሆን ኖሮ ግን ምን ይውጣቸው ነበር? ነገር ያለበት ሰው እንግዲህ ጓዙን ከመጫኑ በፊት አዲሱን አድራሻ ጽፎ ለሬጅስትራር ያግባ፤ በአሮጌው ቤት ለሚገባውም ሰው ስልኩን ይተውለት።

ከአዳማው ባለ ሣጥን እስካሁን ሦስት ደብዳቤዎች ደርሰውናል፤ አንደኛው የሌላ ሰው ነበርና መልሰን ሰደድነው።