ለተማሪዬ የዘገየ መልስ



ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የድሮ ተማሪዬ በኢንቦክስ ጻፈልኝ። ዲቪ ደርሶት ኢንተርቪውን አልፏል፤ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ሊመጣ ነው። "ቲቸር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ አሜሪካ ጠንክሮ የሠራ ሰው ይለወጣል አይደል?" ይላል። "አዎ" ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፤ እንደገና አጠፋሁት። ጥያቄው የእሱ ብቻ ስላልሆነ እዚሁ ልመልስለት። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

እዚህ አገር ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሂሳብ ያስተማርኩ ሰውዬ፣ ከመሬት በታች ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሰው መኪና አቆማለሁ። ካሸሯ እዚሁ ዲሲ ተወልዳ ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ከእኔ ቀድማ ትገባለች፣ ከእኔ በኋላ ትወጣለች፤ ማታ ደግሞ ቢሮ ታጸዳለች። ትምህርት ሲዘጋ ልጇን የሚይዝላት ስለሌለ ይዛው ትመጣለች። ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራውን ይሠራል፤ መኪና ሲቀዘቅዝ እኔ ክፍልፋይ አስተምረዋለሁ። መምህር ነበርኩና ልጅ አውቃለሁ። አንዴ ነግሬው ሁለተኛ ጠይቆኝ አያውቅም።

እኛ ሐበሾቹ ምሳ ላይ የምናነሳት አንዲት ወሬ ነበረችን። መቼም ታውቋታላችሁ። "ቋንቋው የነሱ፣ ወረቀቱ የነሱ፤ እንዴት እዚህ ይቀራሉ? ስንፍና ነው እንጂ!" እኔም እል ነበር። ሁለት ሥራ የምትሠራው ሴትዮ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጣ፣ በአማርኛ ስለሆነ አይገባትም ብዬ እል ነበር።

ልጄ ለትምህርት ስትደርስ አንድ ዘመዴ "ቶሎ ቤት ቀይር" አለኝ። "ለምን? የመንግሥት ትምህርት ቤት አይደለም እንዴ? ሁሉም አንድ አይደለም?" ብለው ሳቀብኝ። ለካስ እዚህ አገር ልጅ በአብዛኛው የሚማረው አድራሻው በደረሰበት ትምህርት ቤት ነው። የትምህርት ቤቱ በጀት ደግሞ ትልቅ ክፍሉ ከአካባቢው የሚሰበሰብ ነው፤ ዋናው ምንጩ የቤት ግብር። ስቴቱ ቢደጉምም ልዩነቱ አይጠፋም። ስለዚህ ሰው ቤት ሲገዛ ትምህርት ቤቱን አብሮ ይገዛል ማለት ነው።

የዚያን ሰሞን እቁብ ወጣልኝ። በእቁቡ ገንዘብ የቅድሚያውን ኪራይ ከፍለን አንዲት መኝታ ቤት ውስጥ አራት ሆነን ገባን። ጠበበን፣ ግን ልጄ ጥሩ ትምህርት ቤት ገባች።

ይህን ለካሸሯ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ ነገረችኝ። እሷም ልጇን በእህቷ አድራሻ ሌላ ቦታ አስመዝግባው ነበር። ተደርሶበት ልጁ በዓመቱ መሀል ተባረረ። ይህ የእሷ ብቻ ታሪክ እንዳልሆነ በኋላ ነው የተረዳሁት። በ2011 ኦሃዮ ውስጥ አክረን የምትባል ከተማ፣ ኬሊ ዊሊያምስ ቦላር የምትባል እናት ልጆቿን በአባቷ አድራሻ ስላስተማረች ተከስሳ ዘጠኝ ቀን ታስራለች።

"ለምን ወላጆችሽ ቤት አልገዙም?" ብዬ መጠየቄ አልቀረም። አያቷ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰ ወታደር ነበር። በ1944 የወጣው ሕግ ለተመላሽ ወታደሮች የቤት ብድር ዋስትና ይሰጥ ነበር። ነገር ግን ብድሩን የሚሰጡት ባንኮች ጥቁሮችን ይመልሱ ነበር፤ ከ1934 ጀምሮ የቤት ብድር የሚያስተማምነው የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሰፈር አይነካም ነበር። በቤት ላይ የሚደረግ አድልዎ በሕግ የተከለከለው በ1968 ነው። እስከዚያ የነጩ ወታደር ቤት ዋጋው ጨምሮ፣ ልጅ አስተምሮ፣ ለልጅ ልጅ ቅድመ ክፍያ ሆኗል። የእሷ አያት ግን ኪራይ ሲከፍል ነው የሞተው።

ቁጥር ስለምወድ አንድ ሁለት ልጨምር። ቤተሰቦችን ከድሃ እስከ ሀብታም በሰልፍ ብታቆሟቸው፣ በ2022 መሀል ላይ የሚቆመው ነጭ ቤተሰብ ዕዳው ተቀንሶ 285 ሺህ ዶላር ገደማ ሀብት ነበረው፤ መሀል ላይ የሚቆመው ጥቁር ቤተሰብ ደግሞ 45 ሺህ ገደማ። ራጅ ቼቲ የሚባል የኢኮኖሚ ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር ባጠናው መሠረት፣ በ1940 ከተወለዱት አሜሪካውያን 90 በመቶ ያህሉ ከወላጆቻቸው የተሻለ ገቢ አግኝተዋል። በ1980ዎቹ ከተወለዱት ግን ግማሽ ያህሉ ብቻ። ከአንድ መቶ የድሃ ልጆች ወደ ላይኛው አምስተኛ እርከን የሚወጡት ሻርለት ከተማ ያደጉት አራት ገደማ ሲሆኑ፣ ሳን ሆዜ ያደጉት አሥራ ሦስት ገደማ ናቸው። ያው አንድ አገር ነው፤ አድራሻው ነው የተለያየው።

"ታዲያ የእኛ ልጆች እንዴት ይወጣሉ?" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ የስደተኛ ልጆች ከድሃ ቤት ተነስተው ብዙ ጊዜ ከፍ ይላሉ። አንደኛው ምክንያት ወላጆቻቸው ሲመጡ ሥራ ያለበትን ከተማ መርጠው መስፈራቸው ነው። ሌላው ደግሞ ደመወዛችን ማንነታችንን አለመናገሩ ነው። ዲቪ ራሱ አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ወይም ሙያ ያለው ሰው ይፈልጋል። በወረቀት ላይ ልጄ የፓርኪንግ ሠራተኛ ልጅ ናት፤ ቤት ውስጥ ግን የሂሳብ መምህር ልጅ ነበረች። በዚያ ላይ እቁብ ነበረን።

ባለፈው ክረምት ካሸሯን መንገድ ላይ አገኘኋት። "ልጅህ እንዴት ናት?" አለችኝ። ኢንጂነሪንግ እንደጨረሰች ነገርኳት። መሀል መንገድ ላይ እልል ያለች እስኪመስለኝ ጮኻ አቀፈችኝ። የእሷን ልጅ ለመጠየቅ አፈርኩ። ራሷ ነገረችኝ። ዌርሃውስ ውስጥ ነው፣ የሌሊት ሺፍት። "ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም" አለች። ያ አንዴ ነግሬው ሁለተኛ የማይጠይቀኝ ልጅ! መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ብዙ ቆየሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ መልሴ ይኸው። አዎ፣ ከሠራህ ትለወጥ ይሆናል። እኔም ተለውጫለሁ። ስትመጣ መኪና ለመግዛት አትቸኩል፤ መጀመሪያ ልጆችህ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ጠይቅ፣ ከዚያ ቤት ፈልግ፤ ጠባብም ቢሆን ግባ። እቁብህን አትተው። እና ምሳ ላይ ያቺ ወሬ ስትነሳ፣ መነሳቷ አይቀርም፣ አብረህ አትሳቅ። እኔ ስቄ ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

በሰላም ግባ። ስትደርስ ደውልልኝ፣ ኤርፖርት እቀበልሃለሁ።