ባሮ ዳር መሮጥ፤ ከጋምቤላ ከተማ እስከ ትየርኪዲ መንገድ

ስለ ጥሩ የሩጫ ቦታ ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ደጋና ወደ ሐይቅ ዳር ነው። የወንጪ ጠርዝ፣ የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ የሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ይጠቀሳሉ። ከባሕር ማዶ ደግሞ የዓለም ሯጮች ለልምምድ የሚሰባሰቡበት የስዊዘርላንዱ ሴንት ሞሪትዝ አለ። ጋምቤላን የጠራልኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሥራ ወስዶኝ ሁለት ዓመት ገደማ የኖርኩባት ከተማ ናትና እስቲ ዛሬ እኔ ላስተዋውቅዎት።

አስቀድሜ ለምን እንደምሮጥ ልንገርዎት። እናቴን ያጣኋት በስኳር ሕመም ነው። እኔም አርባ ዓመት እንዳለፈኝ ሐኪሜ የደም ስኳሬ ከመደበኛው ከፍ ብሎ ድንበሩ ላይ መድረሱን ነገረኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ለልጆች ደግሞ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ይመክራል። አዲስ አበባ ሳለሁ ይህን በጠዋት ሩጫ እሞላው ነበር። ከ13 ዓመቷ ልጄ ጋር ወደ ጋምቤላ ለመሄድ ዕቃ ስናሰናዳ ታላቅ እህቴ «ያ ሙቀት ሩጫሽን ያስተውሽና ስኳሩ ደግሞ አንቺን እንዳያስቀርሽ» አለችኝ። ፍርሃቷ ፍርሃቴ ነበር።

ነገሩ ሁለት ገጽታ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሴንት ሞሪትዝ እንኳ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። እርስዎ አዲስ አበባ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ፣ አውሮፓዊው ሯጭ ብዙ ከፍሎ ከሚወጣበት ከፍታ በላይ ነዎት ማለት ነው። ጋምቤላ ከተማ ግን 500 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። አየሩ ወፍራም ነው፤ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ይበዛል። በመጀመሪያው ሳምንት እግሬ ቀለል ብሎኝ ገርሞኝ ነበር።

ሙቀቱ ግን ያንን ትርፍ መልሶ ይወስደዋል። ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነው። አየሩ እርጥበት ሲኖረው ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፤ ልብም ደሙን ወደ ቆዳ ለመግፋት የበለጠ ትደክማለች። በየካቲትና በመጋቢት ቀኑ 40 ዲግሪን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ከደጋ የሄደ ሰው ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ከ10 እስከ 14 ቀን ሊታገሠው ይገባል። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 15 ደቂቃ እየተራመድኩ፣ 5 ደቂቃ እየሮጥኩ ነው የጀመርኩት። መለኪያዬ ሰዓት አልነበረም፤ ከልጄ ጋር ሳላለከልክ ማውራት መቻሌ ነበር። ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ሩጫው እዚያው ያበቃል። ጥላ ውስጥ ገብቶ ራስንና አንገትን በውኃ ማራስ ያስፈልጋል።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ጋምቤላ ወደ ምዕራብ በመራቋ ፀሐይ ከአዲስ አበባ ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ትወጣለች። ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ፀሐይዋ ሳትበረታ መጨረስ ይበጃል። ይሁንና ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናደፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። እኛ ቤት ረጅም እጅጌ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባትና አጎበር ከጫማው እኩል የሩጫ ዕቃ ናቸው። ትኩሳት ከተሰማ «ድካም ነው» ብሎ ማለፍ የለም፤ በዚያው ቀን መመርመር ነው።

አሁን ወደ መንገዶቹ ልውሰድዎት። የመጀመሪያው የባሮ ዳር ነው። ከድልድዩ ተነስተው በከተማው በኩል ወንዙን ይዘው ሲሄዱ የማንጎ ዛፎች ጥላ ያገኛሉ። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲሰበስቡ፣ እናቶች ልብስ ሲያጥቡ፣ ልጆች ሲዋኙ ያያሉ። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ለጉልበት ይመቻል። ከውኃው ጠርዝ ግን ይራቁ፤ ባሮ አዞ አለበት። ይህ ወንዝ የቢርቢርና የገባ ወንዞች ተገናኝተው የሚፈጥሩት ነው። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በክረምት ሲሞላ፣ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ይመጡበት ነበር፤ ቡናችንም በዚሁ መንገድ ይወጣ ነበር።

ሁለተኛው ወደ አቦቦ የሚወስደው መንገድ ነው። ከከተማ ወጣ ስለሚል ለብቻ አይሮጥበትም። አቦቦ አጠገብ የአልዌሮ ግድብ ያጠራቀመው ውኃ አለ፤ ለቆላው ሰው የሐይቅ ምትክ እሱ ነው። ቤተሰብ ይዞ በመኪና ሄዶ፣ እዚያ ትንሽ ሮጦ፣ ምሳ በልቶ ለመመለስ ደስ ይላል።

ሦስተኛው ወደ ኢታንግ፣ ወደ ትየርኪዲ የሚያመራው የምዕራቡ መንገድ ነው። ሰፊ ሜዳ፣ ሣር፣ የኑዌር ከብቶችና ሩቅ ሰማይ ያለበት ነው። በክረምት ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ይውጣል፤ ባሮ ሞልቶ ኢታንግን የሚያጥለቀልቅበት ጊዜም አለ።

ለሁሉም መንገድ አንድ ሕግ አለን። ሳንወጣ በፊት ጎረቤትና የባጃጅ ሹፌሮችን «ዛሬ መንገዱ እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ጋምቤላ ሰላም የሚደፈርስባቸው ቀናት አሏት። «ዛሬስ ቅሩ» ከተባልን እንቀራለን። በዚያ ቀን እኔና ልጄ ግቢ ውስጥ ገመድ እንዘላለን። ልጄ ከከተማ ውጭ እንድትሮጥ አልፈቅድም። በዚህ ብዙ ተከራክረናል፤ እስካሁን ቃሌን አላጠፍኩም።

ወደ ትየርኪዲ የምሄደው ለሥራ እንጂ ለሩጫ አይደለም። መጠለያው የተከፈተው በ2006 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ጁባ ላይ ጦርነት ተቀስቅሶ ብዙ ሺህ ሰው ድንበር አቋርጦ መጥቶ ነበር። አንድ ቀን እዚያ የማውቃት የልጆች እናት የስፖርት ጫማዬን አይታ፣ በአስተርጓሚ በኩል «እህቴ፣ ማን እያሳደደሽ ነው የምትሮጪው?» አለችኝ።

«ማንም» አልኳት። ለጤናዬ እንደሆነ፣ የእናቴንም ሕመም ነገርኳት።

እሷም ልጇን አዝላ እንዴት እንደሮጠች፣ ሌሊት እየሄዱ ቀን ሣር ውስጥ እንዴት እንደተደበቁ አወራችኝ። ከዚያ «አንቺ ሮጠሽ ስትጨርሺ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ» ስላት ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው ጥሩ ሩጫ ነው» አለች።

ማታ ይህን ለልጄ ነገርኳት። «ለምንድን ነው አንዳንድ ቀን የምትከለክዪኝ?» የሚለው ጥያቄዋ ከዚያ ወዲህ መልኩን ለወጠ። ሩጫ ማለት ርቀት ብቻ አለመሆኑን፣ በሰላም ወጥቶ መግባት ዋናው ክፍሉ መሆኑን ሁለታችንም የተረዳነው ከዚያች ሴት ነው።

ባሮ ድንበር ተሻግሮ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ በናስር ከተማም በኩል ያልፋል። ናስር የዪች ፑር ቢየል የትውልድ ቦታ ናት። በልጅነቱ ከጦርነት ሸሽቶ ኬንያ፣ ካኩማ መጠለያ ገባ። ኋላም በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ የመጀመሪያው የስደተኞች ቡድን አባል ሆኖ 800 ሜትር ሮጠ። ቡድኑ አሥር አባላት ነበሩት፤ ከእነሱ አንዱ በሉክሰምበርግ ይኖር የነበረው ኢትዮጵያዊው የማራቶን ሯጭ ዮናስ ክንዴ ነበር። ማታ ማታ በትየርኪዲ መንገድ ዳር ባዶ እግራቸውን የሚሽቀዳደሙ ልጆችን ባየሁ ቁጥር ዪችን አስበዋለሁ። ልጄም ስሙን ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች።

በመጨረሻ ያደረግሁት ምርመራ ስኳሬ ከነበረበት ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። ሩጫው ብቻውን ያመጣው ነው አልልም፤ ምግቤንም አስተካክያለሁ። ለእህቴ ደውዬ ስነግራት ግን «ታዲያ እኔስ መቼ ልምጣ?» አለች።

እርስዎም ለሥራ ወይም ለጉብኝት ወደ ጋምቤላ የሚሄዱ ከሆነ ጫማዎን ይያዙ። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ካለብዎት መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ። ውኃ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ። የት እንደሚሮጡና መቼ እንደሚመለሱ ለአንድ ሰው ነግረው ይውጡ። ሲመለሱም ባሮ ዳር አንድ የበሰለ ማንጎ ገዝተው ለልጆችዎ ይውሰዱ።