አሮጌ መኪና ይዞ ዐባይን መሻገር

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ሱሉልታን፥ ጫንቾንና ፍቼን አልፎ ጎሐ ጽዮን እስኪደርስ ድረስ የሚያየው ደጋ ነው። ሜዳው ሰፊ፥ ነፋሱም ብርድ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወዲያ ግን ምድር ተሰንጥቃ ገደሉ ይታያል። መንገዱ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ፥ እየተጠማዘዘ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮም ወደ ደጀን እንደ ገና ይወጣል። ይህ ሁሉ መውረድና መውጣት 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ መንገድ ውስጥ ያልቃል።

ሸለቆው ለተመልካች ድንቅ ነው፤ ለአሮጌ መኪና ግን እንደ ሐኪም መርማሪ ነው። ዛሬም በአዲስ አበባ የምትታየውን፥ ጀርባዋ የጎበጠውን ቮልስዋገን እናስብ። ሞተሯ ከኋላ፥ የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ ከፊት ነው። ባለቤቷ ብዙ ጊዜ ደመወዙ የተቈጠረ ሰው ነው። «ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኛል፤ ሞተሩም ይንተፋተፋል» ብሎ ጋራዥ ሲገባ «ካርቡራተሩ ይለወጥ» ቢባል፥ የወሩ ደመወዝ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት መመርመር ይገባል።

ምርመራው ከካንዴላ ይጀምራል። በደጋው ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር ግን ቤንዚኑን በዚያው መጠን አይቀንስም። ከዚህ የተነሣ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ሳይቃጠል የቀረው በጭስ ማውጫው ይሸታል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል።

ጎሐ ጽዮን ላይ መኪናውን ያቁሙና ሞተሩን ያብርዱ፤ በትኩሱ ካንዴላ ቢፈቱ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ይበላሻል። ከዚያም አራቱን ካንዴላዎች ፈትተው በየተራቸው ይደርድሩ። ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል። በቤንዚን ከራሰ እሳት አልደረሰውም። በዘይት ከራሰ ሞተሩ ራሱ አርጅቷል። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ደግሞ ቤንዚን አንሶት ወይም ሞተሩ ከልክ በላይ ግሎ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማነጻጸሩ ነው። አራቱም እኩል ከጠቈሩ ጥፋቱን አራቱን ከሚያገለግለው ከካርቡራተሩ ወይም ከአየር ማጣሪያው ይፈልጉ። አንዱ ብቻ ከራሰ ከጎረቤቱ ጋር ያለዋውጡት፤ ጥፋቱ አብሮት ከሄደ ካንዴላው ነው፤ በቦታው ከቀረ ግን መጀመሪያ ሽቦውን ይመርምሩ።

ቍልቍለቱ ሲጀመር የሽታው ተራ ነው። ቤንዚን በሙቀት ይሰፋል። የቮልስዋገኗ ማጠራቀሚያ 40 ሊትር ያህል ይይዛል፤ በብርድ ማለዳ እስከ አፉ ጢም ተደርጎ ከተሞላና ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ከጨመረ፥ የሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ትርፍ ይፈጠራል። መኪናዋ ወደ ታች ስታዘነብል ይህ ትርፍ በክዳኑ ወይም በተሰነጠቀ ላስቲክ ወጥቶ ከፊት በኩል ይሸታል። ጥቂት አጉድሎ መሙላትና ላስቲኩን መለወጥ መድኃኒቱ ነው።

ከኋላ የሚመጣው ሽታ ግን የሚታለፍ አይደለም። ከፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ ቤንዚን የሚወስደው ቱቦ የሚያልፈው በጋለው ሞተር ላይ ነው፤ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውም ዕቃ አጠገቡ ነው። ቱቦው ደርቆ ቢሰነጠቅ ጥቂት ጠብታ መኪናውን ሊያነድ ይችላል። ነጂው ሞተሩን ስለማያይ፥ እሳቱን የሚያውቀው ጭሱ ከተነሣ በኋላ ነው። ስለዚህ ሽታው እንደ ተሰማ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት፥ ተሳፋሪውን ማውረድ፥ ሲጋራ አለመለኰስ፥ ቱቦውም ሳይለወጥ አለመነሣት ግዴታ ነው። ይህን ሁሉ አደጋ የሚያመጣው ስንዝር የማይሞላ ላስቲክ ነው።

በጃፓን ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግረው ጥቂት ቢያርፉ፥ ሞተሩ ተመልሶ አልነሣም ሊል ይችላል። ይህ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። በቆላው ሙቀት ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ተንኖ መተላለፊያውን ይዘጋል፤ ወይም በካርቡራተሩ ውስጥ ፈልቶ ሞተሩን ያርሰዋል። የሞተሩን ክዳን ከፍተው እስኪበርድ ይታገሡ እንጂ ባትሪውን በከንቱ አይጨርሱት።

ደጀን ወጥተው ብርዱ ነፋስ ሲቀበልዎ፥ ሞተሩ ከበረደ በኋላ ካንዴላዎቹን እንደ ገና ይመልከቱ። በከተማ ቆም ሄድ ሲል የጠቈረ ካንዴላ ሁልጊዜ አይታመንም፤ ረጅም አቀበት በሙሉ ኀይል ከወጣ ሞተር የወጣው ግን የተሻለ ምስክር ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶች። አሮጌ መኪና በሽታዋን አትደብቅም፤ በሽታና በጥላሸት ትናገራለች። የነጂው ድርሻ ሳይዘገይ መስማት ነው።